በኤሊ ጉዳይ የተላክን ሽማግሌዎች

እኛ ሰዎች ሕግ ወጣ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው ምን እንደሚል አይደለም። «ማን ጋ ነው ያለው?» ብለን ነው የምንጠይቀው። ሕጉ የሆነ ሰው ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ አይቀርም፤ ያ ሰው ደግሞ አባት ቢያጣ አጎት፣ አጎት ቢያጣ የንስሐ አባት፣ ያም ቢቀር አንድ የሚያፍረው ጎረቤት አያጣም። ያን የሚታፈረውን ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው እንግዲህ ዋናው ሥራ። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ብለን የተረትነው እኛው ነን፤ ውኃው ከቆመ በኋላ ሽማግሌ ልከን «እባክህ ለዛሬ እለፍ» የምንለውም እኛው ነን።

ይህን የምለው ወገኔን ለማማት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለማማት ነው። ግን ሽምግልና የሚሠራ ነገር መሆኑን አልክድም። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ የእኛ ሰዎች በሚበዙበት ፌርፋክስ ላይ ስንት የተበተነ ትዳር ተሰብስቧል፣ በሬስቶራንት ሽርክና ምክንያት ሰላምታ ያቋረጡ ስንት ወንድማማቾች አንድ ትሪ ቀርበዋል። የፓርኪንግ ቲኬት የሚጽፈውን ሰውዬ ሳይቀር በሽማግሌ ለማስለመን የሞከሩ አውቃለሁ፤ ሰውየው ባይሰማቸውም ሙከራው አልቀረም። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ግን በኤሊ ጉዳይ ተመርጬ ስለተላክሁበት ሽምግልና ነው። አትሳቁ፣ ገና አልጀመርኩም።

ባለጉዳዩ ጋሼ ደምሴ ናቸው። ጋሼ ደምሴ መርከበኛ ነበሩ፤ አዎ፣ የኢትዮጵያ መርከበኛ። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ «ኢትዮጵያ ባሕር አላት እንዴ?» ይላሉ፤ እሳቸው «ነበራት» ብለው ያልፉታል። ምጽዋ ሠልጥነው፣ ቀይ ባሕርን እንደ ሰፈር መንገድ ሲመላለሱበት ኖረው፣ መንግሥት ሲወድቅ በመርከብ የመን ገቡ፤ ከየመን በስደተኛነት ሎስ አንጀለስ። ሎስ አንጀለስ የፈለጉትን ያህል ባሕር አላት። ጋሼ ደምሴ ግን ጀርባቸውን ሰጥተዋት ታክሲ ነዱ። ኤርፖርት፣ ዳውንታውን፣ እንደገና ኤርፖርት። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው፤ ደንበኛ ይዘው ሳንታ ሞኒካ ሲደርሱ በመስታወት አሻግረው ያዩታል፣ ሂሳባቸውን ተቀብለው ይመለሳሉ።

ከዚያ በስልክ የሚጠራው መኪና መጣና ታክሲን እንደ አሮጌ ጫማ ጥግ አስቀመጠው። ጋሼ ደምሴ ታክሲያቸውን ሸጡ። ሰው ሁሉ ወይ የመጠጥ መደብር ወይ ሬስቶራንት ይገዛሉ ብሎ ሲጠብቅ ጀልባ ገዝተው መጡ። ጀልባ! ቀለሟ የተላጠ፣ ሞተሯ የሞተ። ጋርዴና የሚባል ሰፈር፣ አንድ ወዳጃቸው ጋራዥ ጓሮ አስቀምጠው፣ አንዴ ዘይት አንዴ ቀለም ተቀብተው ቤታቸው እየገቡ፣ ሲጠግኗት ከረሙ። ሐሳባቸው ቱሪስት ጭነው ከወንዝ ወደ ባሕር እያወጡ ማስጎብኘት ነው። ዕድሜያቸው ስድሳን ሊሻገር ነው፤ የነበራቸው ሁሉ እዚያች ጀልባ ውስጥ ገብቷል። ውኃ ካላገኘች እሳቸውም የብስ ላይ መቅረታቸው ነው።

ጀልባ ደግሞ እንደ መኪና መንገድ ዳር ፓርክ አድርገው የሚሄዱባት ነገር አይደለችም። ስሊፕ የሚባል ማቆሚያ ያስፈልጋታል። ማሪና የሚባሉት የትልልቆቹ የጀልባ ወደቦች ወረፋ ሰው ያስረጃል፤ አንዳንዶቹም አሮጌ ጀልባ በበራቸው አያሳልፉም። ታዲያ ሎንግ ቢች ጥግ፣ የሳን ገብርኤል ወንዝ ከባሕሩ ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው፣ አንዲት ትንሽ ማሪና አለች። አዳዲስ ስሊፖች ልትጨምር ነው ሲባል ጋሼ ደምሴ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኑ፤ ባለቤቱም ቃል ገባላቸው። የቀረው የባሕር ዳር ግንባታን የሚያየው ቦርድ ፈቃድ ብቻ ነው ተባለ። «ብቻ» የሚለውን ቃል እዚህ አገር የሰማ ሰው ወገቡን ጠበቅ ማድረግ አለበት፤ ጋሼ ደምሴ አላደረጉም። ፈቃዱ ቆመ።

ያቆመው ኤሊ ነው።

ወንዙ ውስጥ ትልልቅ የባሕር ኤሊዎች ይኖራሉ ለካ። በሕግ የሚጠበቁ ናቸው፤ ጀልባ ሲበዛ በሞተሩ መዘውር ይቆረጣሉ፤ ስለዚህ አዲስ ስሊፕ አይፈቀድ የሚል ተቃውሞ ገብቷል። ወሬው ፌርፋክስ ሲደርስ የሆነውን ሁካታ ባያችሁ! ከሁሉም የባሰባቸው ጋሼ በላቸው ናቸው። ጋሼ በላቸው የጋሼ ደምሴ የልብ ወዳጅ፣ ፒኮ ሮበርትሰን ላይ የፓርኪንግ ሎት የሚያስተዳድሩ፣ ማይክ የማይሻ ድምፅ የተሰጣቸው ሰው ናቸው። «ኤሊ እኮ ቤቷን ተሸክማ ነው የምትዞረው! የምን የቦታ ጥያቄ ነው የምታነሳው?» ሲሉ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። እኔም ፍሎሪዳ ለምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደውዬ ጉዱን ብነግራት «ኤሊማ ምን አላት፣ እኛ ጋ የባሕር ላም ናት» አለችኝ። ላም የምታህል፣ ውኃ ውስጥ ሣር የምትግጥ፣ ሰውን የማትነካ ፍጥረት አለች፤ እሷ ባለችበት ወንዝ ስሊፕ ለማስፈቀድ ሰው ፀጉሩ ይሸብታል። ይህን ተመልሼ ሳወራ አንዱ ምን ብሎ ቢጠይቅ ጥሩ ነው? «ውኃ ውስጥ ከሆነች ጾም ናት ወይስ ፍስክ?» የደብራችን ቀሲስም እዚያው ነበሩና «የማትበላውን ምን አስጠየቀህ» ብለው ዘጉት።

ነገሩ ሲጣራ ተቃውሞውን ያስገቡት አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሆነው ተገኙ፤ ዶሮቲ ይባላሉ፤ ወንዙ አጠገብ ይኖራሉ፤ ኤሊዎቹን የሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች መሪ ናቸው። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ቀለል አለን። እስካሁን ሕግ መስሎን ነበር የጨነቀን፤ ለካ ሰው ነው! ሰው ከሆነማ ይለመናል። «ሴትዮዋ በደምሴ ተቀይማለች» አሉ ጋሼ በላቸው። አይተዋቸው እንኳ የማያውቁትን ሰው እንዴት ይቀየማሉ ብሎ የጠየቀ ማንም የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሦስት ሆነን ተመረጥን። ጋሼ በላቸው በአንደበታቸው፣ ቀሲስ በመስቀላቸው፣ እኔ በእንግሊዝኛዬ። እኔ ፓሳዴና አንድ ሆስፒታል መዝገብ ክፍል ስለምሠራ እንግሊዝኛዬ የተመሰከረለት ነው፤ የበሽታ ስም እንጂ የልመና እንግሊዝኛ እንደማላውቅ ለማንም አልተናገርኩም። ቀሲስ በሥራ ቀን የኤርፖርት መንገደኛ ማመላለሻ ይነዳሉ፤ በዚያች እሑድ ግን ከቅዳሴ መልስ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ መጡ። እኛም ሱፍ ለበስን። ባለጉዳዩ በልማዳችን አይሄድምና ጋሼ ደምሴ ጀልባቸው ዘንድ ጋርዴና ቀሩ።

እትዬ ዶሮቲ በሩን ሲከፍቱ፣ ያው እንደምታስቡት፣ ሃይማኖት ልንሰብክ የመጣን መስሏቸው «አመሰግናለሁ፣ እኔ የራሴ አለኝ» አሉን። ስለ ጀልባው መሆኑን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና አስገቡን። ቀጭን፣ ነጭ ፀጉር፣ ፀሐይ ያጠቆረው ፊት፤ ሳሎናቸው ንጹሕ፣ ሶፋቸው ሰፊ። «ተቀመጡ» አሉ። አልተቀመጥንም። ታውቁታላችሁ መቼም፤ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ እህል ውኃም አይቀምስም። የሰው ልብ የሚሰበረው በዚህ ነው፤ ሽማግሌ ደጅህ ቆሞ አንተ መቀመጥ አትችልም። እትዬ ዶሮቲ ግን ከየት ይወቁት! ሶፋው ዝቅ ብሎብን መስሏቸው ከኩሽና ረዣዥም ወንበሮች እየጎተቱ አመጡ። አሁንም ቆምን። «ወገባችሁን ያማችኋል?» አሉ ከልባቸው አዝነው። የሎሚ ጭማቂ ቀዱልን፤ አልነካነውም። ቀሲስ እንደ ጾሙ ነበሩና ብርጭቆውን ሲያዩት እኔው አዘንኩ።

ጋሼ በላቸው በምርቃት ጀመሩ። ዕድሜዎትን ያርዝመው፣ ቤትዎን ይባርከው፣ ጠላትዎን ያስገዛልዎ። ይህን በሆስፒታል እንግሊዝኛ ስተረጉመው ምን እንደሚመስል ገምቱ። ቀጥለው ስለ ጋሼ ደምሴ ተናገሩ፤ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ ጀልባዋ። እዚህ ላይ ድምፃቸው ወረደ፤ እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ ምክንያቱም አንድም ውሸት አልነበረበትም። በመጨረሻ «እሺ እስኪሉን ድረስ አንቀመጥም» አልኳቸው።

እትዬ ዶሮቲ ሦስታችንንም በየተራ አዩን። ሳቅ እጠብቅ ነበር፤ አልሳቁም። ልማዱ እንዴት የሚያምር ነው አሉና፣ «ግን እኔ ምን እንድሰጣችሁ ነው የምትለምኑኝ?» ሲሉ ጠየቁ። «ወዳጃችሁ እኔን አልበደለኝም፤ ይቅር የምለው የለኝም። እናንተ የመጣችሁት ለራሳችሁ አይደለም፣ ለእሱ ነው። እኔም ለራሴ አይደለም የምናገረው። ኤሊዎቹ ቦርዱ ፊት መቅረብ ስለማይችሉ እኔ እቀርብላቸዋለሁ።»

ይህን ስተረጉም ጋሼ በላቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንዴ! እሷም ሽማግሌ ናት በለኛ! ኤሊዎቹ የላኳት!»

ነገሩ ሁሉ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ተበዳይ ብለን ልንለምን የመጣነው ሰው እንደኛው አማላጅ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌ ሽማግሌን አይለምንም፤ ይመካከራል። ጋሼ በላቸው ሳይታሰብ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ እትዬ ዶሮቲ ግራ ገባቸውና እሳቸውም ጎንበስ አሉ። እኔ አሁን እንቀመጥ ይሆን ብዬ ሶፋውን ሳይ፣ «መቆማችሁ ካልቀረ እንግዲህ የሚጠቅም ቦታ እንቁም» ብለው ኮፍያቸውን አነሡና ወደ ወንዙ መሩን።

ወንዝ ስላችሁ ደግሞ ለምለም ዳርቻ፣ የወፍ ዝማሬ እንዳታስቡ። ግራና ቀኙ ድንጋይና ሲሚንቶ ነው። አንድ የሱፐርማርኬት ጋሪ ግማሹ ውኃ ውስጥ ሰጥሟል፤ ከላይ የድልድዩ መኪና ያጓራል፤ ማዶ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ጭስ ማውጫ ቆሟል። ኤሊዎቹ የሚወዱት ከዚያ ማመንጫ የሚለቀቀውን ሙቅ ውኃ ነው አሉ እትዬ ዶሮቲ። ቀሲስ የወንዙን ስም ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «ገብርኤል ለሠለስቱ ደቂቅ እሳቱን አቀዘቀዘላቸው፤ እዚህ ደግሞ ለእነዚህ ውኃውን ያሞቅላቸዋል» ብለው አማተቡ። ቆምን። ቆየን። እኔ መቼም ትዕግሥት የለኝም፣ ስልኬን ላወጣ ስል ውኃው ላይ አንድ ራስ ብቅ አለ። ሽማግሌ ራስ ነው፤ የተሸበሸበ አንገት፣ የማይቸኩል ዓይን። አየር ሳብ አደረገችና ጀርባዋን አሳየችን። የማዕድ ትሪ የሚያህል ጀርባ። መሐሉ ላይ ግን ተተርትሮ የገጠመ ጠባሳ አለ፤ የጀልባ መዘውር የቆረጣት ነው። ገጥሟል፣ ድኗል፣ ትዋኛለች። ምን ልበላችሁ፣ ደነቀችኝ። በዚህ ሁሉ ኮንክሪት፣ በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ተቆርጣ እንኳ ቦታዋን አልለቀቀችም። ጋሼ በላቸውም በሹክሹክታ «እሰይ» አሉ፤ እሳቸው ሲያንሾካሹኩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀሲስ በመስቀላቸው ወደ ውኃው ባረኩ። እትዬ ዶሮቲ ከኮፍያቸው ሥር እያዩን «ባለጀልባው ራሱ ይምጣና ይያት» አሉ።

ጋሼ ደምሴ በሚቀጥለው ቀን ሄዱ፤ እኔም አብሬ። ኤሊዋን እስክትወጣ ጠበቋት። ጠባሳውን ሲያዩ «ይህን ያደረገው እንደኔ ያለ፣ ወደ ሥራው የቸኮለ ሰው ነው» አሉ። በእንግሊዝኛ ነው ያሉት፤ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ሁለቱ ወንዙ ዳር እየተመላለሱ የተከራከሩትን ክርክር አልረሳውም። እትዬ ዶሮቲ ተቃውሞዬን አላነሣም አሉ። ጋሼ ደምሴ ማመልከቻዬን አላነሣም፣ ያለኝ እሱ ነው አሉ። ማንም ማንን አላታለለ፣ ማንም ማንን አላባበለ። ፀሐይዋ ስትዞር አንድ ነገር ላይ ደረሱ፤ ስሊፖቹ ጥቂት ብቻ ይሁኑ፣ ወደ ባሕሩ አፍ ዝቅ ብለው ይሠሩ፤ ወንዙ ውስጥ ማንኛውም ጀልባ ከእግረኛ እርምጃ አይፍጠን። ይህ ለጋሼ ደምሴ በቀን የሚያወጡት ጉዞ ይቀንሳል ማለት ነው። ሲስማሙ ፊታቸው ላይ አይቼዋለሁ፤ አልቀለላቸውም፣ ግን እሺ አሉ።

ቦርዱ ፊት ሁለቱም ቀርበው ያንኑ ተናገሩ። የቦርዱ ሰዎች ተቃዋሚና አመልካች አንድ ቃል ሲናገሩ ሰምተው የማያውቁ ይመስለኛል፤ እርስ በርስ ሲተያዩ ነበር። በዚያው መሠረት ተፈቀደ። ጋሼ ደምሴ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ፤ ጋሼ በላቸው ትከሻቸውን አቅፈው «አይዞህ፣ አይዞህ አንተ መርከበኛ» ሲሉ፣ እኔም ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ቀስ ማለቱ ራሱ ገበያ ሆነ። ቱሪስቱ ጀልባዋ ስታዘግም ኤሊ ያያል፤ ኤሊ ያየ ለጓደኛው ይነግራል። ጋሼ ደምሴ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው ሲነዱ ያየ ሰው ለቀብር የሚሄዱ ይመስለዋል፤ ፊታቸው ግን የሙሽራ ፊት ነው። አንድ ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን የወዳጅ ሲሳይ ሲያዩት ዓይን ይስባል። ጋሼ በላቸው ጀልባ ገዙ! ማሪናውም ገበያ ሲያይ ተጨማሪ ስሊፖች አመለከተ፣ ጋሼ በላቸው ከፊት ተመዘገቡ። በልባቸው ነገሩ አልቋል፤ ሽማግሌ የነበሩለት ሰው ወንዙ ላይ ነው፣ እትዬ ዶሮቲም አሁን «በላቸው» ብለው በስማቸው ይጠሯቸዋል። ምን ሊያስቸግር! ከዚያ አንድ ቀን ጋሼ ደምሴ ፓርኪንግ ሎቱ ድረስ መጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«በላቸው፣ ሐሙስ ቦርዱ ፊት ልቃወምህ ነው» አሉ። «ከሰው ከምትሰማ ከእኔ ስማ። በእያንዳንዱ ቀን እዚያ ወንዝ ላይ ነኝ፤ ቦታው ሞልቷል። ከዚህ በላይ ጀልባ ከገባ ኤሊዎቹ ይሄዳሉ።»

ጋሼ በላቸው ደማቸው ፊታቸው ላይ ወጣ። «እኔ ለአንተ ቆሜ አልነበረም?»

«ቆመሃል። አልረሳሁትም። መኪናህ ፍሬኑ አስቸግሮሃል አይደል? ሐሙስ እኔ እወስድሃለሁ።»

ወሰዷቸው። እውነቴን ነው። ከፊት ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ከኋላ እኔ፣ እስከ ሎንግ ቢች ድረስ። አዳራሹ ውስጥ ጋሼ ደምሴ ተነሥተው «ይህ ሰው ወንድሜ ነው፣ ስሊፕ ያለኝ እሱ ስለቆመልኝ ነው፣ ግን አይፈቀድለት» አሉ። እትዬ ዶሮቲ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ያን ቀን መናገር አላስፈለጋቸውም። አልተፈቀደም። እኔ ብሆን ወይ ወዳጄን ፈርቼ ዝም እላለሁ፣ ወይ ተቃውሜ በሌላ በር እወጣለሁ፤ ሁለቱንም ሳያደርጉ ወጥተው የመኪናቸውን በር ለጋሼ በላቸው ሲከፍቱላቸው፣ ይህን ሰው ከዚህ በላይ አክብሬው አላውቅም። ጋሼ በላቸው ትንሽ አቅማሙና «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙ። ከዚያ ገቡ።

ፍሪዌዩ ላይ ወጣን። ጋሼ ደምሴ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቀኝ መስመራቸውን ጠብቀው ያዘግማሉ፤ ከኋላችን ክላክሱ ይንጫጫል፣ ትልልቁ የጭነት መኪና ሳይቀር እየተቆጣን ያልፋል። ጋሼ በላቸው መስኮቱን እያዩ ታገሡ፣ ታገሡ፣ መጨረሻ ላይ ግን ያ ድምፃቸው ወጣ።

«አንተ ደምሴ፣ ንዳው እንጂ! እዚህ ኤሊ የለም!»